ከነመጠቅለያዋ የተሸጠችው ጥሩምባ

የወንዝ ጥበቃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ጎትተው ወደዚህ ዓለም ያስገቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሲቆጡ ቀና ብሎ የሚመልስላቸው የለም። ከድልድዩ ሥር ቆሻሻ የሚይዝ የብረት መረብ ለማሠራት ገንዘብ ቸግሮን ነበርና፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ግብዣ ይደረግ አሉ። ሁላችንም ተስማማን።

«ምን እንሸጣለን ታዲያ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ከወንዙ ያወጣነውን። ሕዝቡ የጣለውን ሕዝቡ ይግዛው።»

ስቀን ሳንጨርስ ሕጉን ደነገጉ። ዓመቱን ሙሉ ከጭቃ ውስጥ የጎተትነው ዕቃ ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ጠረጴዛ ላይ ይደረደርና በጨረታ ይሸጣል። ባለንብረቱ ግን ዕቃውን ያለ ክፍያ ይወስዳል። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅበታል፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ ዕቃው እንዴት ወንዝ እንደገባ መናገር።

«እንዲያ ከሆነማ ሁሉም በነጻ ሊወስድ ነው» አልኳቸው።

«አንተ የሰው ልጅ አልገባህም» አሉኝ። «ሰው ጥፋቱን ከሚናገር ኪሱን ቢያራግፍ ይመርጣል።»

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ እንዲህ ባለ ቀን ድምፅ ማጉያውን የምይዘውም እኔ ነኝ። ሰው ሬዲዮው እስኪሠራለት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሆዱ ይከፈታል። እኔም ሽቦዬን እየበየድኩ እሰማለሁ፤ የሰማሁትንም ለፈጣሪ ካልሆነ ለማንም አላነሣም።

የግብዣው ዕለት ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ገመድ ስዘረጋ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ምላሱ እንደ ምላጩ ስለሆነ የማኅበራችን የቅስቀሳ ኃላፊ እሱ ነው። በየሳምንቱ ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ «ወንዝ ላይ ቆሻሻ የሚጥል በእናቱ ጡት ላይ የሚተፋ ነው!» እያለ ይጮኻል። ያን ቀን ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወንድሜ፣ አለቀልኝ።»

«ምን ሆነህ?»

«ያንን ነጭ ጥቅል አየኸው? ጠረጴዛው ላይ፣ ከተሰነጠቀው ገንዳ አጠገብ ያለውን?»

«ጥሩምባ ነው አሉ።»

«የአማቴ ነው።»

የአማቱን ጥሩምባ የማያውቅ የለም። ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በማርሽ ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሲያርፉ ሴትዮዋ ጥሩምባዋን ወረሱ፤ ሙያውን ግን አልወረሱም። «ድምፁ ከቤቴ እንዳይጠፋ» እያሉ በየማለዳው ይነፏት ጀመር። ጥጃዋ የሞተባት ላም እንኳ ከዚያ የተሻለ ዜማ ታወጣለች። አማችየው ደግሞ የሚኖረው በእሳቸው ቤት፣ የሚሠራውም በእሳቸው ሱቅ ነው። በእንቅልፍ እጦት እጁ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ አንድ ደንበኛው ጆሮውን ይዞ፣ ከነግማሽ ፂሙ ከወንበሩ ላይ አምልጧል። ከዚያ አንድ ቀን ጥሩምባዋ ጠፋች። ሴትዮዋ ሌባው ጎረቤታቸው ብረት በያጁ ነው አሉ። «ነሐስ ሲያይ ምራቁ ይሞላል» ብለው ሰላምታ ነሱት።

«አንተ ነህ የጣልካት?» አልኩት።

«ሌላ ማን አለ? ደንበኛ በምሸፍንበት ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ጨምሬ ነው የጣልኳት። ጨርቁ ላይ ደግሞ ሚስቴ የሱቁን ስም በቀይ ክር ጠልፋበታለች።»

«ሊቀ መንበሯ አላዩትም?»

«ማየት ብቻ? አጥበው፣ ተኩሰው፣ ስሙን ወደ ውስጥ አጥፈው መልሰው ጠቀለሏት! ጠዋት ሳገኛቸው ‹ዛሬ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ይዘህ ና› ብቻ አሉኝ።»

«ለምን ቆመህ አትናገርም?»

«እኔ? የቅስቀሳ ኃላፊው? አማቴና በያጁ በተቀመጡበት? ዛሬውኑ ከነሚስቴ ጎዳና ነው የምወጣው! አንተ ብቻ ተራዋ ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ጥፍት አድርግልኝ። አማቴ ሳይሰሙ ቶሎ ብዬ እገዛታለሁ።»

«ተንኮል አልሠራም፤ ዝም ማለት ግን እችላለሁ» አልኩት። «እጸልይልሃለሁም።»

«እሱን ለቀብሬ አቆይልኝ» ብሎ ሄደ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ብስኩትና የብርቱካን ጭማቂ ዞረ። ሊቀ መንበሯ የጨረታ መምቻ መዶሻ ስላልነበራቸው ትልቅ የእንጨት ማንኪያ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ፤ ትንቢታቸውም ወዲያው ይፈጸም ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው ለተሰነጠቀ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ እጁን አወጣ፤ ደግሞ አወጣ።

«ኧረ ካንተ ሌላ የጨመረ የለም!» አሉት።

«ግድ የለም እጨምራለሁ፣ ብቻ ቶሎ ከፊቴ አንሡት!»

ርዕሰ መምህሩ ጥጡ ያለቀ ፍራሽ ገዛና፣ ማንም ሳይጠይቀው «ለትምህርት መርጃ ነው» አለ።

ከዚያ ሊቀ መንበሯ ነጩን ጥቅል አነሡ። የጥሩምባዋን አፍ ብቻ ገለጥ አድርገው፣ «አንዲት ጥሩምባ፣ ከነመጠቅለያዋ!» አሉ።

ከፊት ረድፍ አማቲቱ ዘለው ተነሡ። «የኔ ናት! የባሌ ናት!»

«መልካም። እንዴት ወንዝ እንደገባች ይንገሩን።»

«እኔ ምን አውቄ? የሰረቀኝን ጠይቁት!»

«ካላወቁ መግዛት ነው። ሕግ ሕግ ነው።»

አማቲቱ እየተራገሙ ዋጋ ጠሩ። ከበሩ አጠገብ አንድ ቀጭን ድምፅ ጨመረ። እሳቸውም ጨመሩ፤ ድምፁም ጨመረ።

«ማነው ከባልቴት ጋር የሚሻማው ጋጠ ወጥ?» ብለው ዞሩ። አማቻቸው እጁን እንዳወጣ ደርቋል።

«ለ... ለእርስዎ ነው እናቴ። ስጦታ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «እንዲህ ነው አማች!» ተባለ። አማቲቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ መረቁት። ሊቀ መንበሯ ግን ፍንክች አላሉም፤ «ስጦታማ ከሆነ ትንሽ ይጨመርበት» አሉ። ጨመረበት። ማንኪያው ጠረጴዛውን መታ።

ፀጉር አስተካካዩ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ቀለሙ ወደ ፊቱ ተመለሰ። ዳነ ብዬ ተመስገን ልል ስል፣ አማቲቱ መጥተው ማይኩን ከእጄ መነጨቁኝ።

«አሁን ገባኝ!» አሉ። «ሌባው መሸጥ ቢያቅተው ወንዝ ጣላት። ስማ አንተ በያጅ! አየህ፣ እግዜር አወጣብህ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ብረት በያጁ ብስኩቱን እንደነከሰ ቀረ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ነሐስ መበየድ እንኳ አልችልም» አለ፣ በደከመ ድምፅ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። የበያጁ ሚስት እጅጌውን ጎተተችው። «አንሂድ ብዬህ አልነበር? ተነሥ!» አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በያጁ፣ ምስኪን፣ «ይቅርታ፣ አሳልፈኝ» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ አላሳለፈውም። ክንዱን ይዞት እስከ መድረኩ መጣ።

«እሱ አልሰረቀም» አለ አማቱ በያዙት ማይክ። «እኔ ነኝ።» ጥሩምባዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጨርቁን ዘረጋው። ቀዩ ጥልፍ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይነበባል።

ሊቀ መንበሯ እንደ ሐኪም ረጋ ብለው ጠየቁት፤ «ቦታ ጠፍቶ ነው ወንዛችን ውስጥ?»

«ጥልቅ መስሎኝ ነበር» አለ።

ይኼኔ ዳቦ ጋጋሪው ብድግ አለ። «ቆይ፣ በሕጉ መሠረት ተናግሯልና ገንዘቡ ሊመለስለት ነው? እንዲያ ከሆነ እኔም ልናገር! ገንዳው—»

«ተቀመጥ!» አለች ሚስቱ።

«ፍራሹን በተመለከተም...» ብሎ ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሊቀ መንበሯ መረባቸው በዓይናቸው ፊት ሲተረተር ታያቸው መሰለኝ፣ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ቢመቱት ለሁለት ተሰበረ። ዝም ያሰኙት ግን አማቲቱ ናቸው።

«ሕጉ ባለንብረት ነው የሚለው» አሉ። «ባለንብረቷ እኔ ነኝ። ይሄ የጣለው የሰው ዕቃ ነው፤ ይከፍላል! እናንተ የጣላችሁት የራሳችሁን ነው፤ ኑ፣ ማይኩ ይኸው፣ ተራ በተራ ለሕዝቡ ተናገሩና ገንዘባችሁን ውሰዱ።»

ዳቦ ጋጋሪው ተቀመጠ። ርዕሰ መምህሩ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ አጎነበሰ።

አማቲቱ ወደ በያጁ ዞሩ። «ልጄ፣ ምላሴን ቁርጥ ያድርገው።»

«ኧረ ተዉ እማማ! ብቻ ከእንግዲህ ደኅና አደርክ ይሉኛል?»

«ሁለት ሁለቴ እልሃለሁ፣ ውዝፉ እስኪያልቅ።»

ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን እንደያዘ ቆሟል። «እናቴ፣ ጓዜን ልጠቅልል?»

«በምን? በዚያው ጨርቅ?» አሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማይኩ ግን ሁሉንም አሰማ። «እውነቱን ንገረኝ። ያን ያህል ክፉ ነበር የምነፋው?»

እኔን አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

«በጣም፣ እናቴ።»

አማቲቱ ወደ ጥሩምባዋ ዞሩ። «ባሌም በሕይወት ሳለ እንዳልነካት ነበር የሚለምነኝ» አሉ። ጥሩምባዋን አንሥተው እጁ ላይ አኖሩለት። «እንግዲያው አንተ ትማራለህ። ድምፁ ከቤቴ አይጠፋም። ነገ ማለዳ ጀምር፤ እኔ እስቲ ልተኛ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ እንባው እስኪፈስ የሳቀው ብረት በያጁ ነበር። ከዚያ ድንገት ሳቁን አቋረጠ።

«እማማ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ እኮ ግድግዳ የምጋራችሁ ነኝ!»