ያልተሸኘችው ዚናይዳ

ዳይሬክተር ቺው መላጣውን እያሻሸ የጡረተኛዋን አስተርጓሚ የቶንግ ያጀንን በር አንኳኳ።

"መምህርት፣ ሩሲያኛዎን አልረሱትም አይደል?"

"ትንሹ ቺው፣ ቋንቋ እኮ እንደ ፀጉር አይረግፍም" አለችው። ተለማማጅ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ትንሹ ቺው ትለዋለች፤ ዳይሬክተርም ሆኖ፣ መላጣም ሆኖ ከዚህ ስም አልወጣም።

ቺው የሚመራው፣ በቻይናዋ ሐርቢን ከተማ ያለው ቴርሞስ ፋብሪካ መጋዘኑ ሞልቶ ገዥ አጥቷል። ዱሮ መንግሥት ያዛል፣ ፋብሪካው ያመርታል፣ መንግሥት ይወስዳል። አሁን ግን "ገበያችሁን ራሳችሁ ፈልጉ" ተብሏል። ደግነቱ ድንበሩ ተከፍቷል፤ ማዳበሪያ አምጥተው በቴርሞስ የሚለውጡ የሩሲያ ነጋዴዎች ተገኝተዋል። ያጀን እሺ ያለችው ግን ለቴርሞሱ ብላ አይደለም። ዚናይዳ የት እንደደረሰች የሚነግራት ሰው ፈልጋ ነው።

ዚናይዳ የፋብሪካውን የመስታወት ምድጃ የተከለች የሶቪየት መሐንዲስ ነበረች። ቀን ቀን ያጀን ታስተረጉምላታለች። ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ውስጥ ዳንስ ሲኖር ዚናይዳ እንደ ወንድ እየመራች ታስጨፍራታለች። በሥጋ የተሞላ ሊጥ ቀቅለው እየበሉ "ይሄ ምግብ የእኛ ነው"፣ "ኧረ የእኛ ነው" እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ያጀን ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

በፈረንጆቹ 1960 በጋ የቻይናና የሶቪየት መሪዎች ተኳረፉ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ! የሶቪየት ባለሙያዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲወጡ የፋብሪካው ፓርቲ ጸሐፊ "ሊሸኝ ባቡር ጣቢያ የሚሄድ ወዮለት" አለ። ያጀን ቀረች። የቀረችው ፈርታ እንጂ ጠልታት እንዳልሆነ ዚናይዳ ታውቅ ይሆን? ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኸው ጥያቄ እንደ ዓሣ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተሰክቶ ኖሯል።

ፋብሪካው ለሩሲያ ነጋዴዎቹ ባዘጋጀው ግብዣ ላይ ያጀን ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣችና በወጣትነቷ በቃሏ የያዘችውን ንግግር ጀመረች። "የታላቋ ሶቪየት ኅብረት ክቡራን ጓዶች..."

የቆዳ ጃኬት የለበሱት ጎረምሳ ነጋዴዎች ተያይተው ሳቁ። "እናቴ፣ ያቺ አገር እኮ አምና ሞታለች" አለ አንዱ።

"ምን አሉ?" ቺው ተጨነቀ።

"በጣም ደስ ብሏቸዋል" አለችው ያጀን።

አፈረች። ሐርቢንም ቢሆን ጓድ መባባል ቀርቶ ሁሉም "አለቃ" ሆኗል፤ ሱቅ በደረቴ እንኳ አለቃ ነው። እሷ ብቻ የሁለት አገር ያረጀ ቃል ተሸክማ ቆማለች።

ከነጋዴዎቹ መካከል ጋሊና የምትባለው የቀድሞ አስተማሪ ግን አልሳቀችም። "እባክዎ ይቀጥሉ" አለቻት። "እናቴ እንዲህ ነበር የምትናገረው።"

ስምምነቱ አለቀ። ቺው ደስታው ፊቱን አቅልቶት መጠጥ ሲቀዳ፣ ያጀን ወደ ጋሊና ጠጋ ብላ የዚናይዳን ሙሉ ስምና ከተማዋን ነገረቻት።

"ወንድሜ እዚያው ነው የሚኖረው። በሕይወት ካለች ያገኛታል" አለች ጋሊና። "ምን ይበልልዎ?"

ያጀን ስንት ዓመት ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበራት። ሁሉም ጠፋባት። "'ልሸኝሽ ፈልጌ ነበር' ይበላት" አለች፤ እንባዋ ወረደ።

ቺው ጠርሙሱን እንደያዘ ዞረ። "ምን እያላችሁ ነው?"

ዛሬ ማንም አይከለክላትም፤ የሚያስፈራትም የለም። አፏ ግን ቀደማት። "ስለ ማጓጓዣው ነው" አለችው።

"ማጓጓዣ ያስለቅሳል እንዴ፣ መምህርት?"

"መንገዱ ሩቅ ነዋ" አለች።