በሰባት ቁጥር ጠመንጃ ላይ ያለው ንስር

የጉንቮር አውራ ጣት በርሜሉ ከጠመንጃው ገላ ጋር የሚገጥምበት ወፍራም ብረት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጓንቷን አወለቀችና በጥፍሯ እንደገና ዳሰሰችው። ክንፉን የዘረጋ ንስር ነው።

"ይሄ ከየት መጣ?"

ታናሽ ወንድሟ ኦስሙንድ አዳራሹ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት የዋፍል ቂጣ መጋገሪያውን ቅቤ ይቀባል። የተኩስ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የማኅበሩ ወጥ ቤት።

"ምኑ?" አለ ዞር ሳይል።

"ምኑ ትለኛለህ? ወፉ ነዋ!"

"የጀርመን ጠመንጃ አይደል እንዴ? ታዲያ የጀርመን ወፍ ቢቀመጥበት ምን ያስገርማል?"

ጉንቮር የመለኪያ ሳጥኗን ከፈተች። ሠላሳ ዓመት የመለኪያ መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የአሮጌ ዒላማ ጠመንጃ ገማች ሆናለች። ሳትለካ መናገር አትወድም። ጠረጴዛው ላይ ለሽያጭ ከተደረደሩት አሥራ አንድ ጠመንጃዎች አሥሩን ከጠዋት ጀምሮ መርምራ ጨርሳለች፤ ይህ የመጨረሻው ነው።

ጀርመኖች ተሸንፈው ከኖርዌይ ሲወጡ ጥለዋቸው ከሄዱት ጠመንጃዎች ጥቂቶቹ በጦሩ በኩል ዞረው እዚህ ሸለቆ ደርሰዋል። የመንደሩ ሰዎች ከባድ በርሜል ገጠሙላቸው፤ በወታደር ማነጣጠሪያው ፋንታ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ቀለበት አሰሩላቸው፤ ሰደፉንም ለጉንጭ እንዲመች አድርገው ከአዲስ እንጨት ጠረቡት። የናዚ ጦር ማኅተም የሆነውን ንስር ደግሞ በሞረድ አጠፉት። ለዚህ ትእዛዝ የሰጠ አልነበረም። የሸለቆው ማኅበራት ሁሉ እንዲሁ ስላደረጉ፣ ዛሬ ንስሩ ሳይነካ ወደ ዒላማ ጠመንጃ የተለወጠ ከተገኘ የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች አሥር እጥፍ ይከፍሉበታል።

ይህ ሰባት ቁጥር የተባለው ጠመንጃ ግን ከተለወጠ ወዲህ ንስር አልነበረውም። ጉንቮር ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት የተኮሰችበት እናቷ ቦርግሂል ነበረች።

መብራቱን ወደ ጎን አዘንብላ አጉሊ መነጽሩን አስጠጋች። ብረቱ ክብ መሆን ሲገባው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ነው፤ ሞረድ ሄዶበታል። ካሊፐር በተባለው መለኪያዋ ስትለካው ከዳርና ዳሩ በሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ክብ ብረት ላይ የተመታ የፋብሪካ ማኅተም መሀሉ ጠልቆ የክንፎቹ ጫፍ ይሳሳል፤ ይህኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ጠልቋል። አፍንጫዋን አስጠጋች። የማጥቆሪያው መድኃኒት የተበላሸ እንቁላል ሽታ ገና አልለቀቀውም።

"ማን ነው የመታው?" አለች።

ኦስሙንድ መጥረጊያ ጨርቁን አስቀመጠ። "እትዬ፣ ጮክ አትበይ።"

"ማን ነው?"

"ከተማ ያለ አንድ ብረት ቀራጺ ነው። እጁ ቆንጆ ነው። ሁለት ሰዓት እንኳን አልፈጀበትም።"

"እጁ ይቆረጥ! አንተ ነህ ወስደህ የሰጠኸው?"

"እኔ ነኝ። ታዲያ ማን ይውሰድለት?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የተኩሱን ድምፅ የሚከልለው ግንብ እስከ መስከረም ካልቆመ ማዘጋጃ ቤቱ የተኩስ ሜዳውን ያሽግብናል። ደብዳቤውን አንብበሻል። አሥሩን ብሸጥ የግንቡን ወጪ ግማሹን ብቻ ነው የሚሞላልኝ። ይሄ አንዱ ሌላውን ግማሽ ይሞላል።"

"በውሸት።"

"ንስሩ ድሮ እዚያው አልነበረም? የነበረውን ነው የመለስኩት።"

ጉንቮር ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። "ይሄ የእማማ ጠመንጃ ነው!"

"የማኅበሩ ነው። እማማ ብትኖር ደግሞ ሜዳው ከሚዘጋ ይሄን ትመርጥ ነበር።"

"እማማን ከአፍህ አውጣት! ጀርመኖች ሁለት ወንድሞቿን ግድግዳ አስደግፈው ነው የረሸኗቸው። አንተ የእነሱን ወፍ አምጥተህ ጉንጯን ታሳርፍበት የነበረው ጠመንጃ ላይ ትለጥፋለህ? ሃምሳ ስድስት ዓመትህ ነው፤ ትንሽ አታፍርም?"

"ማፈር ግንብ ቢሠራ ኖሮ አፍር ነበር።"

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት በሩ ተንቋቋ። ጋሼ ቶርሌይቭ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ዋፍላቸውን በቡናማ አይብ ሳይበሉ የቀሩበት ቀን አይታወቅም። የማኅበሩን ጠመንጃዎች ሁሉ በወጣትነታቸው የለወጡት እሳቸው ናቸው።

"ምነው፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ እንዴ? ጩኸታችሁ መንገድ ድረስ ይሰማል" አሉ።

ኦስሙንድ ፈጠን ብሎ ወንበር ሳበላቸው። "ይቀመጡ ጋሼ፣ ትኩሱን አወጣልዎታለሁ።" በእጁ ደግሞ ለእህቱ ምልክት ሰጣት፦ ሸፍኚው።

ጉንቮር አልሸፈነችውም። አጉሊ መነጽሩን አንስታ ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። "ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ።"

ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየዳበሱ አዩት። ብዙ አዩት። መጋገሪያው ላይ ያለው ሊጥ መጨስ ጀመረ፤ ኦስሙንድ ግን አላነሳውም።

"ጥሩ ሥራ ነው" አሉ በመጨረሻ። "መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም።" መነጽሩን በቀስታ አስቀመጡት። "እኔ ስሞርደው እናታችሁ እዚህ ቆማ ነበር። 'እሱ እያለ ጉንጬን አላስጠጋም' አለችኝ። ስጨርስ በጣቷ ዳበሰችውና፣ 'ገና አለ፣ ጨምርበት' አለች። ያን ያህል ዝቅ ያለው ለዚያ ነው።"

"ጋሼ፣ ማኅበሩ እኮ..." ብሎ ጀመረ ኦስሙንድ።

"እጄን ልታጠብ" አሉ ሽማግሌው።

ታጥበው ሲመለሱ አልተቀመጡም። ዋፍሉን ሳይነኩ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። ከዘራቸው ደረጃውን ሲመታ ከውስጥ ይሰማል።

"ደስ አለሽ?" አለ ኦስሙንድ። "ሽማግሌውን አስቀየምሽ፤ አሁን ረካሽ?"

"እኔ ነኝ ያስቀየምኳቸው?"

የመኪና ድምፅ አቋረጣቸው። ጠመንጃ ገዢው ሰብሳቢ ፕሬበን ነው፤ ከዋና ከተማው አራት ሰዓት ነድቶ የመጣ፣ ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው። ሰላም ብሏቸው ሳይጨርስ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ንስሩን ሲያይ ትንፋሹን ያዘ።

"እነሆ! ሙሉ ክንፉን!" አለ። "እንዲህ ያለ እየፈለግሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ወይዘሮ ጉንቮር፣ የእርስዎ ወረቀት ካለው እኔ ተጨማሪ ጥያቄ የለኝም። በሀገሩ ሁሉ የሚታመን ፊርማ ነው።"

ኦስሙንድ ከገዢው ኋላ ቆሞ እህቱን ተመለከተ። ተቆጥቶ አልነበረም። ልጅ ሳሉ መስኮት ሰብሮ አትንገሪብኝ ሲላት እንደነበረው ነው ያያት። ጉንቮርን ይበልጥ ያናደዳት ይኸው ሆነ። በፊርማዋ ሊሸጥ ነው የጠራት፤ እንደምትደርስበት እያወቀ፣ ዝም እንደምትለውም እርግጠኛ ሆኖ።

ተቀመጠች። የግምት ቅጹን ስባ እንደ ልማዷ ከላይ ጀመረች። በርሜል፦ ከባድ፣ ጥሩ ይዞታ። ማነጣጠሪያ፦ ባለ ቀለበት፣ የማኅበሩ ሥራ። ሰደፍ፦ በእጅ የተጠረበ፣ ያልተሰነጠቀ። መሀል መሀል ላይ ኦስሙንድ ሲተነፍስ ትሰማዋለች። "ምልክቶች" የሚለው ሳጥን ላይ ስትደርስ ፊደሏን አሳነሰች፤ የምትጽፈው ብዙ ነበርና።

"የመጀመሪያው ንስር በማኅበሩ አባል በቶርሌይቭ እጅ፣ በተኳሿ በቦርግሂል ጥያቄ ተሞርዶ ጠፍቷል። አሁን የሚታየው በቅርቡ በሊቀ መንበሩ በኦስሙንድ ትእዛዝ አዲስ የተመታ ሐሰተኛ ነው።" ዋጋ፦ አሥራ አምስት ሺህ ክሮነር።

በእሷ ቦታ ፈረመች። ፕሬበን ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

"ይቆዩ፣ ሻጩ አልፈረመም" አለች።

ወረቀቱን አዙራ በወንድሟ ፊት አኖረችው። ኦስሙንድ አነበበ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ግንቡስ?" አላት በሹክሹክታ። "ሜዳውስ ጉንቮር?"

ብዕሩን ዘረጋችለት። "በውሸት አይቆምም፤ ፈርም" አለችው።