ዶቃ መብራት ያለው የባቡር ራስ

የባቡሩን ራስ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አምኜ ኖሬአለሁ።

አባቴ አቶ አካለ ወልድ ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ቢቸና ከመመለሳቸው በፊት በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። አብሯቸው ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ አገሩ ሲገባ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ሰጣቸው፦ ሐዲድ፣ ሦስት ፉርጎና አንድ የባቡር ራስ። ከባቡሩ ራስ ሁለት የፊት መብራቶች አንዱ ሲሰበር ከአንገቴ ቀይ ዶቃ ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ በቦታው ለጠፉት። በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ታምሜ ከመውደቄ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሳላስፈቅድ የባቡሩን ራስ ደጅ አውጥቼ ተጫወትኩበት። መልሼ ማስገባቴን አላስታውስም። ሞጣ ሆስፒታል አምስት ሳምንት ተኝቼ ስመለስ ፉርጎዎቹ ሐዲዱ ላይ ነበሩ፤ የባቡሩ ራስ ግን አልነበረም።

«አባባ፣ ባቡሩስ?»

«የለም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሦስቱን ፉርጎዎች በጨርቅ ሲወለውሉ ባየሁ ቁጥር ምክንያት ፈልጌ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ባለፈው ጥር በቴሌግራም የመሸጫ ቻናል ላይ፣ በአሮጌ ሶፋና በማቀዝቀዣ መካከል፣ አየሁት። «ያገለገለ የመጫወቻ ባቡር፤ ሁለት ሺህ ብር፤ ሞጣ» ይላል። ፎቶውን አሰፋሁት። በግራ በኩል ያለው መብራት ቀይ ዶቃ ነበር።

ከደጃችን የሰረቀው ሰው ሸጦት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስሜቴን ግን ለሻጩ አላሳየሁም፤ መፈለጉን ያሳወቀ ገዢ ዋጋ እንደሚጨምርበት አውቃለሁ።

«ይሠራል ይላሉ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አንተ በይኝ እህቴ፣ አላረጀሁም። ይሠራል ብዬ አልምልም። ሐዲድ የለኝም፤ ጠረጴዛ ላይ እንደ በሬ ካልነዱት አይሄድም።»

«ሁለት ሺህ በዝቷል። አንደኛው መብራት እኮ ዶቃ ነው።»

«ዶቃው ምራቂ ነው።»

«መብራቱ የጎደለ ዕቃ ሙሉ ዋጋ አያወጣም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ከቢቸና እስከ ሞጣ ትራንስፖርቱም አለ።»

«አይ የቢቸና ሰው! ቢቻላችሁ የሻጩንም ጫማ መርቅ ትላላችሁ። ይሁን፣ ነይና ውሰጂው።»

በክርክሬ ረክቼ እንደነበር መደበቅ አልችልም። ቅዳሜ ማለዳ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄድኩ።

ሻጩ ስማቸው የሚባል ስልክ ጠጋኝ ነው። ባቡሩ በእናቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለነበር ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። እናቱ እማማ አገሬ ዕቃውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«ከቢቸና» አልኳቸው።

«ይህም ከቢቸና የመጣ ነው።»

የሌባውን ስም የምሰማ መሰለኝ። «ማን አመጣው፣ እማማ?»

«ለጊዮርጊስ የገባ ስለት ነው እንጂ ልጄ! የኅዳር ንግሥ ዕለት ከጃንጥላውና ከምንጣፉ ጋር ለጨረታ ቀረበ። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ‹ባቡር ምን ያደርግለታል፣ ፈረስ አለው› እያለ። ሃያ ብር ተባለ። አንድ ረጅም ሰው ከኋላ ተነሥቶ ሃምሳ አለ። ባሌ ስድሳ ሲል ሰውየው መቶ። አጫራቹ አወቁት። ‹አንተ፣ የሰጠኸው ራስህ አይደለህም? ስለት ተሰጥቶ ይመለሳል እንዴ?› አሉት።»

«ምን መለሰ?»

«‹አልወስደውም። ልጄ ነገ ከሆስፒታል ትወጣለች። የእሷ ስለት በሃያ ብር እንዳይሄድ ነው› አለ። ባሌ ሦስት መቶ ሲል ጊዜ ሰውየው እጅ ነሥቶ ተቀመጠ። ባሌ እስኪሞት ይህን ዕቃ ልጅ እንዲነካው አልፈቀደም።»

እኔ በዶቃው ምክንያት ስምንት መቶ ብር አስቀንሼ ነበር።

ሁለት ሺህ ብር አውጥቼ ለስማቸው ሰጠሁት። ቆጠረና ቀና አለ። «ተስማምተን የለ እንዴ? ዶቃው…»

«ዶቃው የእኔ ነው» አልኩት።

እማማ አገሬ እጃቸውን ከጋዜጣው ላይ አነሡ። ከዶቃው ወደ እኔ ተመለከቱ።

«እማማ፣ ወደ ተሳለው ሰው ቤት ብመልሰው ነውር ይሆናል?»

«የሰጠ መልሶ አይወስድም። የዳነችቱ ብትገዛ ግን ማን ይከለክላታል? አባትሽ ይቀበል እንደሆነ እንጃ፤ እሱን ራሱን ጠይቂ።»

ወደ ቢቸና ስመለስ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ዐረፍተ ነገር አስተካክል ነበር። ቤት ስደርስ አንዱም አላስፈለገኝም። አባቴ ጋዜጣውን ፈቱ፤ በአውራ ጣታቸው ዶቃውን ዳሰሱት።

«ከሞጣ?»

«ከሞጣ።»

«ነገሩሽ ማለት ነው።»

«ነገሩኝ። እኔ ያጠፋሁት ይመስለኝ ነበር፣ አባባ። ደጅ አውጥቼው ነበር።»

«አንቺ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ደጅ ያገኘሁትማ እኔ ነኝ፤ ያን ዕለት ማታውኑ አስገባሁት። ስለት አይወራም ብዬ ዝም አልኩ እንጂ… ይህን ሁሉ ዘመን?»

የባቡሩን ራስ በቀስታ ወደ እኔ ገፉት።

«የእኔ አይደለም፣ ብሩክታይት። ሰጥቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ። የእኔ ነው፤ ገዝቼዋለሁ። ሐዲድ ግን የለኝም። ሐዲድዎን ያውሱኝ።»

አባቴ ተነሥተው ፉርጎዎቹን ከመደርደሪያው አወረዱ። ከዚያ ሐዲዱ በሚስማር የተመታበትን ሳንቃ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የባቡሩን ራስ ሐዲዱ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ግን ሆዱን ከፍተው አሸተቱ።

«ማነው ይህን የኑግ ዘይት ያጠጣው? እንደ ሙጫ ደርቋል! ሰው ለባቡር እንደ ወጥ ዘይት ይጨምራል?» መነጽራቸውን አደረጉ። «ስንት ከፈልሽ?»

«ሁለት ሺህ።»

«ሳትከራከሪ?»

«መጀመሪያ ተከራክሬ ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

በጣቴ ቀዩን ዶቃ አሳየኋቸው። አባቴ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ፤ ከዚያም ትንሿን መፍቻ እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።