ቀኑ የእናት፣ ሌሊቱ የአባት

ልጃቸው ከሞተች በኋላ ባልና ሚስቱ አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው ቢያንስ ይነጋገራል። እነሱ ግን «ምሳ ቀርቧል»፣ «ቁልፉን እንዳትረሺ»፣ «ደህና እደር» ከመባባል አልፈው አያውቁም። እሱ መስታወት ቆራጭ ነው። የበርና የመስኮት መስታወት የሚገጥምለትን ደንበኛ ሁሉ ሲያስቅ ውሎ፣ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ግን ቀልዱ ይነጥፍበታል። እሷ የሒሳብ መምህርት ናት። ልጅቷን ለማስታመም ካቋረጠችው ሥራ ተመልሳ ገብታለች፤ ታስተምራለች፣ ታርማለች፣ ትተኛለች። አልጋ ላይ ድንገት ክርኗ ክርኑን ቢነካው እንኳ እሳት እንደነካው ሰው ትሰበስበዋለች።

የዳንሱን ነገር ያመጣችው የትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው መጥታ ነገረቻቸው።

«ገጠር ውስጥ ነው፤ ሳምንት እንኳ አይሞላም። የንክኪ ዳንስ ይሉታል። ሁለት ሰው ሰውነቱን አነካክቶ፣ ክብደቱን አንዱ ለአንዱ እየሰጠ ይንቀሳቀሳል። የተወሰነ እርምጃ የለው፣ አስተማሪ የለው። የመጣው ሰው በተራው የሚያውቀውን ይመራል።»

«ሾፌር የሌለው አውቶቡስ በይኛ!» አለ ባል።

አስተማሪዋ ሳቀች። ሚስት አልሳቀችም። «እሄዳለሁ» አለች። እሱም ቤቱ ውስጥ ብቻውን መቅረት ስለፈራ «እንግዲያው እኔም» አለ።

ቦታው ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ወለሉ አዲስ ጣውላ ለብሷል፤ በመስኮቶቹ ከብቶች የሚግጡበት ሜዳ ይታያል። ባል ገና ሲገባ ዓይኑ ያረፈው አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ነበር። ሥራ ቢሰጡት ደስ ባለው። የሰጡት ግን የዳንስ አጣማሪ ነው፤ ጡረታ የወጡ አንድ ፖስተኛ። ጀርባቸውን ጀርባው ላይ ለጠፉና ገፋ አደረጉት። እንደ ግንድ ቆመ።

«ልጄ፣ ልቀቀው እንጂ» አሉት። «ምን ጨብጠህ ነው እንዲህ?»

«ሆዴን ነው አባባ፤ ከጨበጥኩት ቆየሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱን አይተው ሳቃቸውን ዋጡት።

ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ሚስቱን አያት። ሁሉም «ቀጭኔው» የሚሉት አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጥቷታል፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና፣ እጆቿን ዘርግታ በጀርባዋ ተንጋላበታለች። ያቺ ክርኗን የምትሰበስብ ሴትዮ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማታውቀው ሰው ላይ እንደ ውሃ ፈሳለች። ባል ቅናት ቢሰማው ይቀለው ነበር። የተሰማው ግን ቅናት አይደለም። ለባዕድ የሚሰጥ ክብደት ለእሱ ለምን እንደሚነፈገው ገብቶት ነበር፤ ቀጭኔው ልጅቷን አያውቃትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። «ዛሬ ማን ይመራል?» ተባለ። ሚስት እጇን አወጣች። ባል ባዶ እግሩን ተመለከተ።

«ራሱን መሸከም የማይችል ሰው እንዴት እንደሚነሳ አሳያችኋለሁ» አለች። ክፍል ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። «ልጅ ነበረችኝ። በሽታው ጡንቻዋን ከእግሯ ጀምሮ እየበላ ወደ ላይ ወጣ። በመጨረሻው ዓመት መቆም አትችልም ነበር። ቀን ቀን የማነሳት እኔ ነበርኩ።»

አብራቸው የመጣችውን የስፖርት አስተማሪ ወለሉ ላይ አስተኛቻት። ተንበረከከች። አንድ እጇን ከአንገቷ ሥር፣ አንዱን ከጉልበቷ ሥር አስገብታ ጉንጯን ግንባሯ ላይ አሳረፈች።

«አትቸኩሉ» አለች። «ትንፋሿን ጠብቁ። ስታስወጣ ሰውነቷ ይለቅላችኋል። እኔ ደግሞ ሳነሳት ማባዛት እጠይቃት ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት? ዘጠኝ ጊዜ ስድስት? እያሰበች ሕመሙን ትረሳዋለች። ሆን ብላ ትሳሳታለች፤ እንድቆጣት።»

ብድግ አደረገቻት።

ባል ይህን አያውቅም ነበር። እሱ ቀን ሱቅ ይውላል፤ ማታ ሲገባ ሚስቱ እንድትተኛ ልጅቷን ይረከባል። ሌሊት የሚያገላብጣት፣ መታጠቢያ ቤት የሚወስዳት እሱ ነበር። ክፍሏ በር ላይ እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ተራ ይለዋወጣሉ እንጂ፣ አንዱ ሌላው ልጅቷን ሲያነሳ ቆሞ አይቶ አያውቅም።

«እኔ እንደዚያ አልነበረም የማነሳት» አለ። ሊናገር አስቦ አልነበረም፤ አመለጠው።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሚስቱ አስተማሪዋን ቀስ ብላ አስቀመጠቻት።

«እንዴት ነበር?»

ከምግብና ከቁልፍ ውጭ ከጠየቀችው ስንት ጊዜ ሆኗት!

«ከኋላዋ እሆንና ጀርባዋን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። በብብቷ ሥር እይዛታለሁ። እግሯን እግሬ ላይ አስቀምጥና አብረን እንሄዳለን።»

«እንሄዳለን?»

«እስከ መታጠቢያ ቤት። በእኔ እግር ላይ ሆና። ‹አባዬ፣ እየሄድኩ ነው አይደል?› ትለኛለች። አዎ፣ እየሄድሽ ነው እላታለሁ።»

«ቆማ ነበር?» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ እኮ ያን ዓመት ሙሉ ቆማ አላየኋትም። ለምን አልነገረችኝም?»

«ሚስጥር ነው አለችኝ። ‹ለእማዬ ከነገርናት የምድን መስሏት ተስፋ ታደርጋለች። ደግሞ ታለቅሳለች› አለችኝ። ማልልኝ አለችኝ፣ ማልኩላት።»

ሚስት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሁለት ሰዎች ሊያቅፏት ተነሱ፤ ፖስተኛው በእጃቸው መለሷቸው። ቆይታ ተነሳችና ባሏ ፊት ቆመች።

«አሳየኝ» አለች።

ጀርባዋን ሰጠችው። እግሮቿን በየተራ አንስታ እግሮቹ ላይ አሳረፈች። በብብቷ ሥር ያዛት። ትከብዳለች፤ ልጅ አይደለችም። የእግሩ ጣቶች እየተጨፈለቁ ተራመደ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሌሎቹ ላለማየት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። ራሷ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ትከሻው ላይ ወደቀ። ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «እየሄድኩ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

እሱ አንድ እርምጃ ጨመረላት።

«ይበቃኛል» ብላ ወረደች። በሩን ከፍታ በባዶ እግሯ ወደ ሜዳው ሄደች። ሊከተላት ሲል ፖስተኛው እጅጌውን ያዙት። «ተዋት ልጄ። ይቺ የብቻዋ ናት።»

ማታ ሰሃን የማጠቡ ተራ የሁለቱ ነበር። እሱ ያጥባል፣ እሷ ታደርቃለች።

«ልትነግረኝ ይገባህ ነበር» አለችው።

«አዎ።»

«ባትነግረኝም ይሻል ነበር።»

«እሱም ልክ ነው።»

«አንተ እኮ ስትሄድ አይተሃታል። እኔ ያየኋት ተኝታ ብቻ ነው።» ሰሃኑን ደጋግማ ወለወለችው። «ቅናት ያዘኝ። በሞተች ልጅ የተነሳ በባል ይቀናል? እንደ እኔ ያለ እናት አለ?»

እርጥብ እጁን ጀርባዋ ላይ አደረገ። አልሸሸችም። ግን አልተደገፈችውም።

የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቁ ተሰናበቱ። መኪናው ዋናውን መንገድ ሲይዝ «ሌላ ሌሊት ንገረኝ» አለችው። ነገራት። አንድ ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ መስኮቱ ድረስ ሄደው እንዳዩ፤ አንድ ሌሊት ኩሽና ገብተው ስኳር በማንኪያ እንደበሉ፤ አንድ ሌሊት ሁለቱም ተደነቃቅፈው ወድቀው፣ እናት እንዳትነቃ አፋቸውን አፍነው እንደሳቁ። እያንዳንዱን እየቆራረሰ፣ እንዳያልቅበት እየሰሰተ ነገራት። ሌሎቹ ሌሊቶች ሕመም ብቻ ነበሩ፤ እነሱን አልተናገረም።

«ሌላስ?»

«አለቀ» አላት።

«ምንም የለም?»

«ምንም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። መኪናውን ሊያቆም ፈልጎ ነበር፤ ከኋላው የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋበት፣ መቆሚያ ቦታም አልነበረም። ነዳ።