አትጠብቋት

እትዬ ሸዋሉል ወሬ ሆዳቸው ውስጥ አያድርም ተብለው የሚታሙ ሴት ናቸው። የማን ልጅ እንደታጨች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የስቶክሆልሙ ባቡር ሮግስቬድ ጣቢያ ሳይደርስ ዘርዝረው ይጨርሱታል። በ1998 ዓ.ም. በአንዱ የሰኔ ቅዳሜ ግን ከሙሉመቤት ጎን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ትንፍሽ አላሉም። የሙሉመቤት እናት አርብ ሊነጋ ሲል አዲስ አበባ አርፈዋል፤ ሙሉመቤት ግን አልሰማችም።

መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዕንባቆም፣ «እሁድ ማለዳ ተሰብስበን እናረዳታለን፤ እስከዚያ ከእሷ አይለዩ» ብለው ቀኑን ለእትዬ ሸዋሉል አደራ ሰጡ። ወንድሟ ወንድይራድም እንደ ወጉ የደወለው ለእሳቸው ነበር። «እትዬ፣ እህቴ መድረስ የምትችል ከሆነ ቀብሩን እስከ ሰኞ እናቆየው?» ብሎ እያለቀሰ ጠየቃቸው።

እትዬ ሸዋሉል ደግሞ መች ያመነታሉ! ሙሉመቤት ስዊድን ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አገሯ የሚያስገባ ፓስፖርት እንደሌላት ሰው ሁሉ ያውቃል። «ልጄ፣ በምን ወረቀቷ ትመጣለች? አትጠብቋት» አሉት። ቀብሩ ለቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ፤ በስቶክሆልም ስምንት ሰዓት ማለት ነው።

ከአውቶቡሱ ወርደው የያዙት የእግር መንገድ ከባሕሩ በላይ፣ በኮረብታው ወገብ ላይ ይሄዳል። ሦስት የጥንት የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን ያገናኛል፤ ዛፎቹ ላይ የተቀባው ብርቱካናማ ምልክት ይመራል። ሙሉመቤት «ስለት አለብኝ፣ ሦስቱንም በእግሬ እሳለማለሁ» ብላ ነው ያመጣቻቸው። ምን ስለት እንደሆነ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም የታመሙት እናቷ እንዲድኑ የተሳለችው መሰላቸው።

የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን በሩ ተቆልፎ ነበር። ሙሉመቤት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሩን ተሳለመች፤ ግንባሯንም እንጨቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ፊቷ ፈክቶ ዞረችና ከቦርሳዋ ቀይ ፓስፖርት አወጣች።

«እትዬ፣ ስለቴ ይኼ ነው። ዜግነቴ ተፈቅዶ፣ ፓስፖርቱ ረቡዕ ወጣልኝ። ማክሰኞ እበራለሁ! ለወንድይራድም አልነገርኩትም፤ እማዬ ፊት ድንገት ከች ልል ነው።»

እትዬ ሸዋሉል «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉና የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጡ። እንባቸው ወረደ። ሙሉመቤት የደስታ መስሏት ደጋግማ ሳመቻቸው።

ገና አራት ሰዓት ተኩል ነበር። አሁን ቢናገሩ፣ አሁን ቢደወል፣ ቀብሩ ይቆማል፤ ልጅቷም ዛሬ ማታ ተሳፍራ የእናቷን ፊት ታያለች። ይህን እያወቁ ተነስተው መንገዱን ቀጠሉ። መርዶ በገደል መንገድ ላይ አይነገርም፣ የእድሩ ሽማግሌዎችስ ምን ይሉኛል እያሉ ራሳቸውን ሲያታልሉ፣ እውነቱን ያውቁታል። የፈሩት ሽማግሌዎቹን አልነበረም። የፈሩት «አትጠብቋት» ያሉት እሳቸው መሆናቸው እንዳይታወቅ ነበር።

ሙሉመቤት ፊት ፊት እየሄደች ታወራለች። ሥራዋ ሄምቸንስት ነው፤ የሽማግሌ ቤት እየዞረች ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች። «ለእማዬ ሰፊ ጫማ ገዛሁላት፤ እግሯ ያብጣል አይደል? እዚህ የአሮጊቶቹን እግር ሳጥብ ሁልጊዜ የእሷ ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመት የሰው እናት አጠብኩ፣ እትዬ። ማክሰኞ የራሴን አጥባለሁ።»

ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሙሉመቤት በሩን ስትሳለም እትዬ ሸዋሉል ከግድግዳው ጀርባ ዞረው ወንድይራድ ጋ ደወሉ። አንዴ ጠራ። ምን እንደሚሉት ጠፋቸውና ዘጉት። ተመልሰው «ውሃ ጠማኝ» አሉ።

ሦስተኛው ዳገት ላይ ነው። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረሱ፤ እትዬ ሸዋሉልም ከዚያ በላይ አልቻሉም። መቃብሮቹ መሀል ቆመው ደወሉ። «ወንድይራድ፣ አቁሙት! መምጣት ትችላለች፣ ፓስፖርት አላት!»

ከወዲያ ለቅሶና የቄሶች ድምፅ ይሰማል። «እትዬ፣ ፍትሐቱ አለቀ፤ ወደ ጉድጓዱ እየወሰድናት ነው» አለ ወንድይራድ። «ከቤት ሳትወጣ ምነው በደወሉልኝ!»

ዞር ሲሉ ሙሉመቤት ከኋላቸው ቆማለች።

«ማንን ነው የሚወስዱት?» አለች። ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር የሚያወራው። እትዬ ሸዋሉል ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱ፤ ፊታቸው ሁሉንም ተናገረ።

«እማዬን ነው? መቼ? ለምን አልጠበቁኝም?»

«አርብ ሊነጋ ሲል ነው፣ ልጄ። ወንድምሽ እንጠብቃት ወይ ብሎ ነበር።»

«ታዲያ ማነው አይሆንም ያለው?»

አቶ ዕንባቆም ናቸው ማለት ይቻል ነበር። እድሩ ነው ቢሉም የሚመረምር የለም።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ሸዋሉል።

ሰው መርዶ ሲረዳ ግራና ቀኝ ደግፈው የሚይዙ፣ ራሱን እንዳይጎዳ የሚጠብቁ ሴቶች ይኖራሉ። እዚያ ኮረብታ ላይ ማንም አልነበረም። ሙሉመቤት ጮኻ ደረቷን ደቃች፤ ሊይዟት ሲጠጉ በሁለት እጇ ገፈተረቻቸው። ተነስተው እንደገና ቀረቡ፤ እንደገና ገፋቻቸው። በሦስተኛው ወደ ፊት ወደቀች፤ እሳቸውም በደረታቸው ተቀበሏት።

«አይንኩኝ» አለች፣ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ። «እባክዎ አይንኩኝ» እያለች፣ ሌላ የምትይዘው ሰው ስላልነበራት፣ አጥብቃ ያዘቻቸው።