ዓርብ፣ በሚስስ ባራክላው ደጃፍ

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሺር መንደሮች አሮጌ ቃላት ስለቅም ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። መምህሬ በሰጡኝ ደብተር ላይ «ፌትል» ከሚለው ግስ ጎን በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «አሰናድቶ፣ አጽድቶ ወግ ማስያዝ። እስከ ዓርብ የሚናገረው ሰው ካልተገኘ ይሰረዝ።» ቀኑ ዓርብ ነው። ያንኳኳሁትም የመጨረሻውን በር ነው።

«ፌትል? ሰምቼውም አላውቅ» አሉ ሚስስ ኢኒድ ባራክላው፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ እየተጠነቀቁ። በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የመንደሩን አነጋገር የተናገረ ልጅ እጁን በማስመሪያ ይመታ ነበር። ለእንግዳ የሚናገረው ማንም የለም።

እርሳሴን አወጣሁ፤ ቃሉን ለመሰረዝ ግን አንጀቴ እምቢ አለ።

«ላግዝዎት?» አልኳቸው። በዚያ አገር ዓርብ ምድጃ የሚወለወልበት፣ የደጃፍ ድንጋይ የሚፈተግበት ቀን ነው።

ሽርጣቸውን በሲባጎ ጠበቅ አድርገው አሰሩና ባልዲውን አቀበሉኝ። ተንበርክኬ መፈተግ ጀመርኩ። ጎረቤታቸው ዊልፍ ሰግደን አጥሩን ተደግፎ ያየናል።

«ኢኒድ፣ በሰባ ሦስት ዓመትሽ ባል አገባሽ እንዴ?»

«ካንተ ይሻላል፤ ይሄኛው ቢያንስ ይንበረከካል!»

ድንጋዩን አጥቤ ስጨርስ እዚያ ደጃፍ የሚያስውቡበትን ነጭ ጠመኔ መሃል ለመሃል ለቀለቅሁት። ሚስስ ባራክላው ጮኹ።

«ኧረ ጉድ! ሰው የሚረግጠውን መሃል ማን ይቀባል? ጠርዙን እንጂ! እንዲህ ነው እንዴ ደጃፍ ፌትል የሚደረገው?»

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

«ቃሉን አሉት!» አልኩ።

«አላልኩም።»

«ብለሻል!» አለ ዊልፍ። «እኔም ሰምቻለሁ፣ ድመቷም ሰምታለች።»

ፊታቸው ቀላ። እንዳያፍሩ ብዬ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ቃሉ ከሺህ ዓመት በፊት ቀበቶ፣ መታጠቂያ ማለት ከነበረ ቃል መወለዱን፤ ወገቡን የታጠቀ ሰው ለሥራ ተሰናድቷልና ማሰናዳትም በዚያው መጠራቱን። ሚስስ ባራክላው ወገባቸው ላይ ያለውን ሲባጎ ቁልቁል አዩት።

«ሺህ ዓመት? ታዲያ እኔን ስለ ምን መቱኝ?» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «በል ጻፈው። ስሜንም ጻፍ።»

«የኔንስ?» አለ ዊልፍ።

«ያንተን ምን ሊያደርግለት? ደጃፍህን ፌትል ካደረግህ ዓመትህ!»

ይህንንም ጻፍኩት።