የምሳ ዕቃ መዝገብ

የጣቢያው ሰዎች ለሕገ መንግሥቱ ያላቸው አክብሮት ከበሩ ጀምሮ ይታያል። የተያዙ ሰዎች መብት በመስተዋት ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እጅ እንዳይነካው በጣም ከፍ ተደርጎ።

በለጡ አንጋጣ ማንበብ አላስፈለጋትም። አሶሳ ውስጥ ሥነ ዜጋ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ወንድሟ ቀናው በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ውኃው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ በመጠየቁ ከተወሰደ አራተኛ ቀኑን ይዟል።

«አርባ ስምንት ሰዓቱ አለፈ» አለች።

ሳጅን ኃይለኢየሱስ ከወንበሩ ተነሣ። የቀድሞ ተማሪዋ ስለሆነ ቁጭ ብሎ አያናግራትም።

«ቲቸር፣ የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ቀናው ግን አልተያዘም፤ የእስረኛ መዝገቡ ላይ የለም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለጊዜው እኛ ጋ አለ።»

«እንግዲያው ወደ ቤቱ ይሂዳ።»

«እሱማ አይፈቀድም።»

ኃይለኢየሱስ ተማሪዋ ሳለ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። ያኔ የሰጠችውን ማርክ አሁን ልትቀንስበት ዳዳት።

ምሳ ዕቃውን አስረከበች። የባሏ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ከቀናው በቀር ለማንም ሞልታበት አታውቅም። ሳጅኑ ምግቡን እፊቱ ካስቀመሳት በኋላ ሌላ መዝገብ ገለጠ። አምና የአንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ጠፍቶ ጣቢያው ስለተወቀሰ፣ የሚገባ ምግብ ሁሉ ይመዘገባል። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ «ሽሮ በእንጀራ፣ ተቀባይ ቀናው» ብሎ ጻፈ። መዝገቡ ወደ ውስጥ ገብቶ ተፈርሞበት ተመለሰ። ከላይ ያሉት ሦስት መስመሮችም የቀናው ፊርማ አለባቸው።

በለጡ ፊርማዎቹን አየች፤ አመሰገነችውና በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄደች።

በማግስቱ ሳጅኑ ቀርቦ፣ ቀናው የሚባል ሰው እንዳልያዙ አስረዳ። በለጡ በአቤቱታዋ ያስቀረበችውን የምግብ መዝገብ ዳኛዋ አገላበጠች።

«ያልያዛችሁት ሰው አራት ቀን ሙሉ እናንተ ዘንድ ምሳውን ፈርሞ በልቷል» አለች። «ዛሬውኑ ይለቀቅ።»

ቀናው ተለቀቀ። ጣቢያውም ከስሕተቱ ለመማር አልዘገየም። ሰኞ በለጡ ምሳ ዕቃዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ ነዕማ የምትባል ሴት ለታሰረ ባሏ ምግብ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«ምዝገባው ቀርቷል» አላት ሳጅኑ። «ሕዝብ ማጉላላት አያስፈልግም።»

በለጡ የባሏን ምሳ ዕቃ ክዳኑን አጥብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያው ባዶ ደብተር አወጣችና ከነዕማ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«የባልሽ ስም ማነው?»

«ሻዕባን።»

«ምን ይዘሽለት መጣሽ?»

«ገንፎ በባምያ።»

ሳጅኑ ጠጋ አለ። «ቲቸር፣ ምን እየጻፉ ነው?»

«ቀንና ሰዓት» አለችና ብዕሩን ዘረጋችለት። «አንተ እንደምትጽፈው። እዚህ ጋ ፈርም።»